ሰኞ ወጥቶ ማክሰኞ የገባ ሰው

«ሆም አት ሰቨን» የተባለውን የእንግሊዝ ፊልም አይተን በወጣንበት ማታ፣ ከአዳራሹ እስከ መኝታ ክፍላችን ድረስ ያለውን መንገድ በክርክር ጨረስነው። ክርክሩን ያስነሣው አንድ የሕግ ተማሪ ጓደኛችን ነው። «ሰውየው ለፖሊስ ዋሽቷል እኮ! ለዋሸ ሰው ምን ያሳዝናል?» አለ። ሌላው የሳይንስ ተማሪ ደግሞ፣ «ጭንቅላቱን ሳይመታ፣ ሳይሰክር፣ አንድ ሙሉ ቀን ከሰው ራስ ይጠፋል ማለት የደራሲ ፈጠራ ነው» ብሎ ደመደመ። እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝና በሕጉም ሆነ በሳይንሱ በኩል የምከራከርበት መሣሪያ ስላልነበረኝ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ቤተ መጻሕፍት እየገባሁ ጥቂት ሳነብ ከረምኩ። አሁን የምጽፈው ያን ማታ መመለስ ሲገባኝ ያልመለስኩትን ነው።

በመጀመሪያ ፊልሙን ላላዩት ጥቂት ላውራ። ፊልሙ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው)። የተወሰደውም አር. ሲ. ሸሪፍ ከጻፈውና በ1950 በለንደን በዊንደምስ ቴያትር ቤት ከታየው ተውኔት ነው። ዋናውን ሰው ሆኖ የሚጫወተው ሰር ራልፍ ሪቻርድሰን በቴያትሩም ላይ ያንኑ ክፍል ይዞ የተጫወተ ሲሆን፣ ፊልሙን ያዘጋጀውም እርሱ ራሱ ነው፤ በዕድሜው ሙሉ ሌላ ፊልም አላዘጋጀም። ነገሩ አሌክሳንደር ኮርዳ የተባለው የፊልም ባለሀብት በዚያ ዘመን ወጪ ለመቈጠብ የሞከረው አሠራር ነበር፤ ይኸውም ተዋናዮቹ እንደ ቴያትር አስቀድመው በሚገባ ከተለማመዱ በኋላ ፊልሙን በሁለት ሳምንት ገደማ ማንሣት ነው። ይህ አሠራር በፊልሙ ላይ በግልጽ ይታያል። ካሜራው ከአንዲት ሳሎን ብዙም አይርቅም፤ ሰዎች ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ይነጋገራሉ፣ ይወጣሉ። የሚተኰስ ሽጕጥና የሚገለበጥ መኪና የሚጠብቅ ሰው ሌላ ፊልም ቢፈልግ ይሻለዋል።

ስሙን ቃል በቃል ብንተረጕመው «በሰባት ሰዓት ቤት» ማለት ይሆናል። ነገር ግን የፈረንጅ ሰባት ሰዓት በእኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ስለ ሆነ፣ ስሙን ያለ ማብራሪያ በአማርኛ የሰማ ሰው ባለቤቱ ለምሳ የመጣ ሊመስለው ይችላል። አሜሪካኖች ደግሞ «መርደር ኦን መንደይ»፣ ማለት «የሰኞ ግድያ»፣ ብለው ስሙን ለውጠው አሳዩት። ግድያ መኖሩንና ዕለቱን ገና ከበር ላይ በመናገራቸው የፊልሙን ግማሽ ምስጢር አባከኑት ማለት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዴቪድ ፕሬስተን ከለንደን ዳር ባለ ጸጥተኛ ሰፈር የሚኖር የባንክ ጸሐፊ ነው። ጠዋት ወጥቶ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ ማታ ከምሽቱ በአንድ ሰዓት ቤቱ ይገባል። ጎረቤት ሰዓቱን ሊያስተካክልበት የሚችል ዓይነት ሰው ነው። አንድ ቀን ማታ እንደ ልማዱ ሲገባ ሚስቱ ጃኔት (ማርጋሬት ሌይተን ናት የምትጫወተው) የሞተ ሰው ያየች ያህል ትደነግጣለች። ሰውየው የሆነውን አያውቅም። እርሱ ዕለቱ ሰኞ ነው ይላል፤ ዕለቱ ግን ማክሰኞ ነው። ከትናንት ጀምሮ የት እንደ ገባ ጠፍቶ፣ ሌሊቱን ስትጠብቀው አድራለች። ኻያ አራት ሰዓት ሙሉ የት ነበር? ራሱ አያውቀውም። ጃክ ሆኪንስ የሚጫወተው ሐኪሙ ዶክተር ስፓርሊንግ ይጠራል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሕመም ጉዳይ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ወሬ የሚመጣው። ፕሬስተን ገንዘብ ያዥ ሆኖ የሚያገለግለው የሰፈሩ ክበብ ገንዘቡ ተሰርቋል፤ የክበቡ አሳላፊ ሮቢንሰን ተገድሏል። ያም የሆነው በዚያችው በጠፋችው ጊዜ ውስጥ ነው። እንግዲህ ፕሬስተን ሁለት ዓይነት ፍርሃት ያድርበታል። አንደኛው፣ ፖሊስ ገዳይ ነህ ይለኛል የሚል ነው። ሁለተኛውና የባሰው ግን፣ ምናልባት ገድዬ ይሆናል የሚለው ነው። ያልገደለ ሰው «አልገደልኩም» ሲል ከውስጡ የሚመሰክርለት የራሱ ማስታወስ አለ። ፕሬስተን ያ ምስክር የለውም። ኢንስፔክተሩ መጥቶ የነበረበትን ቦታ ሲጠይቀው፣ ያልነበረበትን ቦታ ነበርኩ ይላል። ፖሊስ ሄዶ ሲያጣራ ቃሉ ሐሰት ሆኖ ይገኛል። በአነጋገራችን ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ከዚያ በኋላ ሊመልሰው አይችልም፤ እስከዚያ ድረስ የታመመ የነበረው ሰው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የተጠረጠረ ይሆናል።

የሕግ ተማሪው ወዳጄ የፈረደበት እዚህ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ፊልሙ በሙሉ የተሠራው ስለዚህች ውሸት ይመስለኛል። ወደ እርስዋ እመለሳለሁ።

በቅድሚያ ግን ሪቻርድሰን ያላደረገውን ነገር ማየት ያስፈልጋል። ስለ መርሳት የተሠሩ ፊልሞች ብዙ ናቸው፤ ተመልካቹን የሚይዙትም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መንገድ ነው። የጠፋው ነገር እንቈቅልሽ ይሆናል፤ በመጨረሻ አንድ ነገር፣ አንድ ድምፅ ወይም አንድ መልክ፣ የተዘጋውን በር ይከፍተዋል፤ ካሜራውም ወደ ኋላ መለስ ብሎ ያለፈውን ሁሉ ያሳየናል። ሂችኮክ በ1945 በአሜሪካ ባዘጋጀው «ስፔልባውንድ» ውስጥ የበሽተኛው ሕልም ሳልቫዶር ዳሊ በነደፈው ሥዕል እየታየ፣ ሐኪሟ ሕልሙን እንደ ቅኔ ፈትታ ሰሙንና ወርቁን ስትለይ ነገሩ ሁሉ ይገለጣል። በ1959 አንተኒ አስኲት ባዘጋጀው «ላይብል» ደግሞ ዴርክ ቦጋርድ ከጀርመን የምርኮኞች ሰፈር የተመለሰ ባለ ርስት ሆኖ፣ ያለፈውን በደንብ ስለማያስታውስ «አንተ እርሱ አይደለህም፤ እርሱን የምትመስል ሌላ ሰው ነህ» ተብሎ ፍርድ ቤት ይቆማል። እዚያም ቢሆን የተረሳው ነገር በመጨረሻ ተመልሶ እንድናየው ይደረጋል። ሁለቱም ጥሩ ፊልሞች ናቸው፤ «ላይብል»ን እንዲያውም ከልቤ እወደዋለሁ።

«ሆም አት ሰቨን» ግን የጠፋችውን ቀን አያሳየንም። ካሜራው ወደ ኋላ አይሄድም። ፕሬስተን የማያውቀውን እኛም አናውቅም። ስለዚህ ከአዳራሹ ወንበር ላይ ሆነን እርሱን የምናየው ሚስቱ በምታይበት ዐይን ነው። እወደዋለሁ፣ አውቀዋለሁ፣ ነገር ግን ያን ቀን ምን እንዳደረገ አላውቅም የምትል ሴት ዐይን ነው። ገንዘብ በማጣት ወይም የቴያትር ልማድን በመከተል የተደረገ ቢሆንም እንኳ፣ በእኔ አስተያየት የፊልሙ ትልቁ ጥበብ ይህ ነው።

አሁን ወደ ሳይንስ ተማሪው ጥያቄ ልለፍ። እንዲህ ያለ ነገር በእውነት ይሆናል?

ጓደኛዬ ግማሹን ልክ ነው። ሲኒማ ቤት የምናየው መርሳት አብዛኛው በሆስፒታል አይገኝም። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚረሳው ከመመታቱ ጥቂት በፊትና ጥቂት በኋላ የሆነውን ነው እንጂ ስሙንና እናቱን አይደለም። አንድ ጊዜ ተመትቶ ስሙን የረሳ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲመታ ሁሉን ያስታውሳል የሚለው ደግሞ ለሣቅ ካልሆነ በቀር ለምንም አይረባም።

የአንጎል ጉዳት የሚያመጣው መርሳት ምን እንደሚመስል ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረው ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለው አሜሪካዊ ነው። በ1953 የሚጥል በሽታውን ለማዳን ሲባል አንጎሉን ተቀደደና ሂፖካምፐስ የሚባለው ክፍል ከግራም ከቀኝም በብዛት ወጣለት። በሽታው ቀለለለት፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ነገር በራሱ ውስጥ ማኖር አልቻለም። ስሙን ያውቃል፣ ልጅነቱን ያወራል፣ በጨዋ ደንብ ይነጋገራል፤ አሁን ያነጋገረው ሐኪም ወጥቶ ቢመለስ ግን እንደ አዲስ ሰው ይቀበለዋል። በ2008 እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ኖረ። ሐኪሙ ስኮቪልና ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው የሥነ ልቡና ሊቅ ነገሩን በ1957 ጽፈው ካወጡት ወዲህ፣ የሆነውን ነገር መዝግቦ የማስቀመጥ ሥራ በአንጎል ውስጥ የራሱ የሆነ ቦታ እንዳለው ታወቀ።

ይህን ካወቅን በኋላ ፕሬስተንን መለስ ብለን ብናየው ደስ የሚል ነገር እናገኛለን። ፊሸርና አዳምስ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1964 በሰፊው የጻፉበት አንድ ሕመም አለ። በብዛት የሚይዘው ኀምሳ ዓመት ያለፈውን ሰው ነው፤ ድንገት ይመጣል። የታመመው ሰው ስሙን ያውቃል፣ ሚስቱን ያውቃል፣ የለመደውን ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን አዲስ ነገር አይመዘገብለትም። ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ተመልሶለት ወዲያው ይረሳዋል። በጥቂት ሰዓቶች፣ ቢበዛ በአንድ ቀን ውስጥ፣ ለቆት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ደኅና ነው። የጠፋችው ጊዜ ግን አትመለስም፤ መጀመሪያውንም አልተጻፈችምና። በደብተር ላይ ያልጻፉትን ትምህርት ደብተር አገላብጦ ማግኘት እንደማይቻል ማለት ነው። የዛሬ ሐኪም ፕሬስተንን ቢያገኘው ስለዚህ ሕመም መጠየቁ አይቀርም፤ ሸሪፍ ተውኔቱን ሲጽፍ ግን ይህ ገና ተለይቶ አልታወቀም ነበር።

በዚያ ዘመን የታወቀው ሌላው ዓይነት ነው፤ ምንም የአካል ጉዳት ሳይኖር፣ ከጭንቀትና ከድንጋጤ የተነሣ ሰው ከራሱ የሚሸሽበት መርሳት። ሐኪሞች ፊውግ ይሉታል፤ ቃሉ ከላቲን «ሽሽት» ከሚለው የመጣ ነው። ከምሳሌዎቹ የታወቀው በ1887 የሆነው የአሜሪካዊው ሰባኪ የአንሰል ቦርን ነገር ነው። ቦርን ሮድ አይላንድ ውስጥ ከባንክ ገንዘቡን አውጥቶ ጠፋ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቀን ጠዋት በፔንሲልቫንያ፣ በማያውቀው ቤት፣ በማያውቀው አልጋ ላይ ነቃ። የሰፈሩ ሰዎች ግን በደንብ ያውቁታል፤ ብራውን በሚል ስም ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ሲነግድ የቆየ ጸጥተኛ ጎረቤታቸው ነው። ዊልያም ጄምስ በ1890 ይህን ሰው ራሱ መርምሮ ጽፎለታል።

እንግሊዞች ደግሞ የገዛ ራሳቸው ታሪክ አላቸው። በዲሴምበር 1926 የግድያ ታሪክ ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲ ከቤቷ ወጥታ ጠፋች። መኪናዋ በሰሪ አውራጃ ከመንገድ ዳር ተገኘ፤ እርስዋ ግን የለችም። ፖሊስና ሕዝብ ሜዳውንና ኵሬውን ሲያስስ ሰነበተ። ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ ከዚያ ብዙ ርቃ በሃሮጌት ከተማ በአንድ ሆቴል ተገኘች። በእንግዳ መዝገብ ላይ የጻፈችው ስም ባሏ የወደዳትን የሌላዋን ሴት የቤተሰብ ስም ነው። ባሏ «ሚስቴ ሁሉን ረስታ ነው» አለ። ጋዜጦቹ ግን «መጽሐፏ እንዲሸጥላት ያደረገችው ነው» ብለው ተሳለቁ፤ ጉዳዩ እስካሁን ያከራክራል። እርስዋም የራሷን የሕይወት ታሪክ ስትጽፍ ያችን ሳምንት ዘልላት ሄደች። እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባን ሰዎች ወዲያው የጠየቁትን ጥያቄ ነው። ሰው «እግሬ ተሰበረ» ሲል የተሰበረውን እግር እናያለን፤ «ረሳሁ» ሲል ግን የምናየው አንዳች ነገር የለም፤ ያለን የባለቤቱ ቃል ብቻ ነው።

ደራሲው ሸሪፍ እንዲህ ያለውን ነገር በወሬ ብቻ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በኢስት ሰሪ ክፍለ ጦር መኰንን ሆኖ ተዋግቶ በ1917 በፓሸንዴል ቈስሏል። ቻርልስ ማየርስ የተባለው ሐኪም በ1915 «ሼል ሾክ» የሚለውን ስም በሕክምና ጋዜጣ ላይ ሲያወጣ፣ ከመድፍ ፍንዳታ በኋላ ወደ እርሱ በመጡት በሦስቱ ወታደሮች ላይ የጻፈው አንዱ ምልክት ማስታወስን ማጣት ነበር። ሸሪፍ የጦርነቱን ኑሮ በ1928 «ጆርኒስ ኤንድ» በተባለው ተውኔት አወጣና ስሙ ታወቀ። እስከዚያ ድረስ ግን ከጦርነቱ በፊትም በኋላም የኢንሹራንስ ቢሮ ጸሐፊ ነበር። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስን ሰው፣ ቆቡን የሚሰቅልበትን ሚስማር ሳይቀር፣ የሚያውቀው ከዚያ ነው። ከጦር ሜዳ የተመለሰው ጸሐፊ፣ በጠረጴዛው ላይ ጐንበስ ያለው ጸጥተኛ ሰው፣ በውስጡ ምን እንደ ያዘ ማን ያውቃል? ፕሬስተንን የፈጠረው ይህን የሚጠይቅ ሰው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ውሸቲቱ ልመለስ።

የሕግ ተማሪውን ጓደኛዬን ከክርክሩ በኋላ አንድ ቀን ምሳ ላይ ሳለን እንደ ዋዛ «ባለፈው ማክሰኞ ማታ ምን በላህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ምንም ሳያመነታ «ሽሮ» አለ። አጠገቡ ማን እንደ ተቀመጠ፣ ሽሮው ውሃ እንደ በዛበትም ነገረኝ። ያን ጊዜ አብሮት የሚያድረው ልጅ ሣቀ፤ ለካ ጓደኛችን የዚያን ማክሰኞ ያመሸው አጎቱ ቤት ማኅበር ላይ ኖሯል። እንዲያውም ድፎ ዳቦ ይዞላቸው መጥቶ ነበር። ልጁ ሊዋሸኝ ፈልጎ አይደለም። ጥያቄ ሲመጣ ባዶ ቦታውን በሚመስል ነገር ሞላው፤ እኛ ሁላችን በየቀኑ እንደምናደርገው ማለት ነው። ልዩነቱ እኔ ኢንስፔክተር አለመሆኔና የሞተ ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው።

ፕሬስተን አውቆ ዋሽቷል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ሌላ ምን ሊል ይችል እንደ ነበር እናስብ። «አላውቅም» የሚለው ቃል ለሐኪም ሲነገር ሕመም ነው፤ ለፖሊስ ሲነገር ግን ምስጢር መደበቅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ቍጥሩ ሳይጐድልበት የኖረ የባንክ ጸሐፊ፣ ሚስቱ ፊት፣ ጎረቤቱ ፊት፣ «አንድ ቀን ጐድሎብኛል» ማለት አልሆነለትም። የጐደለውን ሞላው።

ያ ዘመን ደግሞ የገመድ ዘመን ነበር። በብሪታንያ የሞት ቅጣት በነፍስ ግድያ ላይ የቆመው በ1965 ነው፤ ፈጽሞ የቀረውም በ1969 ነው። ተውኔቱ በለንደን በታየበት በዚያው ዓመት፣ ማርች 9 ቀን 1950፣ ቲሞቲ ኤቫንስ የሚባል የኻያ አምስት ዓመት የዌልስ ተወላጅ በፔንቶንቪል ወኅኒ ቤት ተሰቀለ። ኤቫንስ የመርሳት ሕመም አልነበረበትም። ነገር ግን ውሸት ንጹሕን ሰው ምን እንደሚያደርገው ለማየት ከእርሱ ታሪክ የሚበልጥ አላገኘሁም። ሚስቱና ትንሽ ልጁ ሞተውበት ራሱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። መጀመሪያ በሰጠው ቃል ሚስቱ ፅንስ ለማስወረድ መድኃኒት ጠጥታ እንደ ሞተችና ሬሳዋን በደጁ የፍሳሽ ጕድጓድ እንደ ጣለው ተናገረ። ፖሊሶች ጕድጓዱን ለመክፈት ሄደው ክዳኑን ለማንሣት ሦስት ሰው አስፈለገ፤ ውስጡም ባዶ ነበር። ከዚያ ቃሉን ለወጠ፤ ከታች የሚኖረውን ጎረቤቱን ጆን ክሪስቲን ጠቀሰ። በኋላም ለንደን ሲደርስ እኔ ነኝ አለ፤ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ደግሞ ክሪስቲ ነው አለ። በፍርድ ቤቱ ፊት ያ ጎረቤት የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኖ ቀረበ። አራት ዓይነት ቃል የሰጠውን ወጣት ማን ያምነዋል? ተፈረደበት። በ1953 በክሪስቲ ቤት የሌሎች ሴቶች ሬሳ ተገኘ፤ ክሪስቲም የኤቫንስን ሚስት ገድያለሁ አለ፤ እርሱም ተሰቀለ። ለኤቫንስ የምሕረት ደብዳቤ የተጻፈለት በ1966፣ ከሞተ ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ ፕሬስተን በሳሎኑ ቆሞ ያልነበረበትን ቦታ ነበርኩ ሲል፣ የ1952 ተመልካች ገና የኤቫንስን እውነት አያውቅም ነበር። እኛ ግን እናውቃለን። ስለዚህ ያች ትዕይንት ለእኛ የበለጠ ከባድ ናት።

ፊልሙን ለማየት የሚያስብ ሰው ይህን አንቀጽ ይዝለለው። ፕሬስተንን ነጻ የሚያወጣው የራሱ ማስታወስ አይደለም፤ ሌላ ሰው ነው። በሚስቱ ዘንድ የማይታወቅ አንድ ምስጢር ነበረው፤ ይኸውም ማታ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድ መጠጥ ቤት ጐራ ብሎ አንድ ብርጭቆ ሼሪ የሚሉትን ወይን መቅመሱ ነው። ዓመታት ያህል ደብቋታል። ይህን ያህል ጥቃቅን ኀጢአት! ነገር ግን የመጠጥ ቤቷ ሴት ፔጊ ዶብሰን (የሪቻርድሰን ባለቤት ሜሪየል ፎርብስ ናት የምትጫወታት) መጥታ ፕሬስተን ያን ጊዜ የነበረው እነርሱ ዘንድ መሆኑን ትናገራለች። በጠፋችው ቀን ውስጥ ግድያ አልነበረም፤ የነበረው ከሚስቱ የተደበቀው ሼሪ ነው። ትልቁን ውሸት የወለደችው ትንሿ ውሸት መሆኗን ልብ በሉ። ሚስቱ ሼሪውን ብታውቅ ኖሮ በመጀመሪያው ማታ ወደ መጠጥ ቤቱ ሰው ልካ ባሏን ባስጠየቀች ነበር። ይህ መጨረሻ በጣም ቀላል ነው ብለው የነቀፉ ነበሩ፤ እኔም አይቼ ስወጣ እንደዚያው ብዬ ነበር። አሁን ግን ልክ ይመስለኛል። ማስታወስ የጠፋበትን ሰው ሊመሰክርለት የሚችለው ያየው ሰው ብቻ ነው።

የሕግ ተማሪው ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ ለማኅበሩ ከመስጠቴ በፊት አንብቦት አንድ መልስ ሰጠኝ፤ እርሱንም ሳልጽፍ ብቀር አድልዎ ይሆንብኛል። «ፖዶላን ረሳኸው» አለኝ። እውነቱን ነው። ጕንተር ፖዶላ የተባለው ጀርመናዊ በጁላይ 1959 በለንደን አንድ የፖሊስ መርማሪ ተኵሶ በመግደል ተከሰሰ። ሲያዝ ፊቱ ላይ ተጐድቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ «ከመያዜ በፊት የሆነውን ሁሉ ረስቻለሁ፤ ራሴን ልከላከል አልችልም» አለ። ፍርድ ቤቱ ከግድያው በፊት ይህን ብቻ የሚፈርድ ጁሪ አስቀምጦ፣ ሐኪሞች በሁለቱም ወገን እየቀረቡ ለዘጠኝ ቀን ተከራከሩ። ዐቃቤ ሕግ ካቀረበው ማስረጃ አንዱ ፖዶላ ከእስር ቤት ለአንድ የሚያውቀው ሰው የጻፈው የወዳጅነት መልስ ነው፤ ሁሉን የረሳ ሰው እንዴት ወዳጁን ዐወቀ? ጁሪው «አልረሳም» ብሎ ፈረደ። ሌላ ጁሪ በግድያው ፈረደበት። የይግባኙ ፍርድ ቤትም፣ እውነት ረስቶ ቢሆን ኖሮ እንኳ፣ አእምሮው ደኅና እስከ ሆነ ድረስ መርሳት ብቻውን ሰውን ከመከሰስ አያድነውም አለ። ኖቬምበር 5 ቀን 1959 ተሰቀለ።

«እንግዲህ» አለኝ ጓደኛዬ፣ «ኢንስፔክተሩ አንተ ብትሆን፣ ፕሬስተንንና ፖዶላን አጠገብ ለአጠገብ ቢያስቀምጡልህ፣ ሁለቱም ‹ረሳሁ› ቢሉህ፣ በምን ትለያቸዋለህ?»

መልስ አላገኘሁለትም። የሳይንስ ተማሪውን ብጠይቀው እርሱም እያሰበበት ነው።